የነጭ የደም ሴልን ጉዞ በአንድ ወረቀት ላይ እንዴት እንከተለዋለን?

ባለፈው ክረምት እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ልጇን ኢንፍሉዌንዛ ይዞት አራት ቀን ሙሉ ትኩሳት አልለቀቀውም። ደሙ ተመረመረ። የውጤቱ ወረቀት ላይ «ሊምፎሳይት» ከሚለው፣ ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች የአንዱ ስም ከሆነው ቃል ጎን ወደ ታች የሚያይ ቀስት አለ። ወረቀቱን የሰጣት ሰው ቀስቱን በጣቱ አሳያትና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

«ወላሂ፣ ነጭ ደሙ አልቋል» አለችኝ።

«አላለቀም እታለም። ወጥቶ ነው።»

«የት ወጣ?»

በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሆነም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ትልቅ ወረቀት ጠቅልዬ ከደሴ ሚኒባስ ያዝኩ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ያን ቀን ለእሷና ለልጇ የሣልኩትን ሥዕል አሁን ለማስጠናቸው ልጆች ሁሉ አሠራቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማሩታል፤ ቤት ገብተው ለእናታቸው በአማርኛ ንገሩ ሲባሉ ግን አፋቸው ይያዛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። መማሪያ መጻሕፍት ነጭ የደም ሴልን «ወታደር» ማለት ይወዳሉ። እኔ ቃሉን አልወደውም። ወታደር ስትሏቸው ልጆች በር ላይ የቆመ ዘበኛ ይታያቸዋል። እነዚህ ሴሎች ግን መንገደኞች ናቸው። ደም ደግሞ መንገዳቸው ነው እንጂ ቤታቸው አይደለም። ሥዕሉ የሚሣለው ይህን ለማየት ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ማዘጋጀት

አንድ ፍሊፕ ቻርት ወረቀት። ከሌለ አራት የደብተር ሉክ በፕላስተር አያይዙ። ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር እስክሪብቶ። አንድ ሲኒ ነጭ ጤፍ፣ ከቀይ ጤፍ ደግሞ አንዲት ፍሬ ብቻ። ሁለት ትንንሽ የካልሲ ኳሶች፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ሰፋ ያለ ጣውላ። ከጦሳ ተራራ ሥር ወይም ከየትኛውም አጥር ጥግ የተለቀመ ጭጎጎት፣ ሱሪ ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ የሚከተለን ያው ጭጎጎት።

ደረጃ 2፦ ካርታውን መሣል

በጥቁር የሰው ቅርጽ አውጡ። አፍንጫና ጉሮሮ፣ ሁለት ሳንባ፣ በግራ ጎድን ሥር ጣፊያ፣ በዳሌ አጥንት ውስጥ መቅኔ ሣሉ። ከመንጋጋ ሥር እስከ አንገት ጥቂት የባቄላ ፍሬዎች አድርጉ። እነዚህ ንፍፊቶች ናቸው፣ ሊምፍ ኖድ የሚባሉት። ንፍፊት ስንል አብዛኛውን ጊዜ ያበጠውን ነው። ሳያብጡም ግን አሉ፤ በሰውነታችን ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ።

አሁን መንገዶቹ። በቀይ የደም መንገዱን ሣሉ፦ ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ ቀለበት። በአረንጓዴ የሊምፍ መንገዱን። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ሳስጠና አረንጓዴውንም ቀለበት አድርጌ ሣልኩት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጋሼ፣ ይሄኛው ልቡ የታለ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። የለውም።

ሊምፍ ቀለበት አይደለም። ጫፉ እንደ ጓንት ጣት የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ከአፍንጫ ሥጋ ውስጥ ይጀምራል። ከደም ሥር ሾልኮ የወጣውን ፈሳሽ ይሰበስብና ወደ ንፍፊት ያመጣል፤ ከዚያ ከአንገት ግርጌ ወደ ደም መልስ ይገባል። የሚገፋው ጡንቻ ስናንቀሳቅስ፣ ስንተነፍስ፣ የቱቦው ግድግዳም ራሱ ሲኮማተር ነው። ውስጡ ያሉት ከፈፎች ወደ ኋላ አያስመልሱም። ቦርከና ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይመለስም። አረንጓዴው ቀስትም እንደዚያው አንድ ጫፍ ብቻ ይኑረው።

ከወረቀቱ ግርጌ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ጻፉ። ቀናት ናቸው።

ደረጃ 3፦ ቀን 0፣ የመጀመሪያው ጩኸት

አፍንጫው ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አድርጉ፤ ቫይረሱ ገባ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የአየር መንገዳችንን የሸፈኑ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይባዛል። የተያዘው ሴል ዝም ብሎ አይሞትም። ኢንተርፌሮን የተባለ ፕሮቲን ይለቃል። ጎረቤት ሴሎች ይህ ሲደርሳቸው ቫይረስ እንዳይባዛባቸው ራሳቸውን ያዘጋጃሉ። ኢንተርፌሮንን እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኙት አይዛክስና ሊንደንማን ናቸው፤ ሥራቸውም በዚሁ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ላይ ነበር።

ከነጥቡ ዙሪያ ትንንሽ ክቦች አድርጉ። እነዚህ ከቦታቸው ሳይለቁ የሚኖሩት የሠፈሩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ማክሮፋጅ እንላቸዋለን። ቆሻሻ ይበላሉ። ያልተለመደ ነገር ሲያዩ ደግሞ ኬሞካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። የኬሞካይን ነገር እንደሚቆላ ቡና ነው። ሽታው ሲጠነክር ወደ ቤቱ እየቀረባችሁ ነው። ሴሎች መንገድ የሚያገኙት በዚህ ነው፤ ሽታው ወደሚበረታበት ይሄዳሉ።

ሴሎች እንዲህ ተጉዘው እንደሚሰበሰቡ ልብ ያለው ሜችኒኮፍ የተባለ ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጣሊያን አገር መሲና ሆኖ የባሕር ኮከብ ጫጩት ውስጥ እሾህ ሰካ። ጫጩቷ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። በ1908 ኖቤል ተሸለመበት።

ደረጃ 4፦ ቀን 1፣ «ወራጅ አለ!»

ከመቅኔው ወደ ቀዩ መንገድ ቀስት አድርጉ። መቅኔ ኒውትሮፊል የሚባለውን የነጭ ደም ሴል ዓይነት በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። እነዚህ ደም ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩም። ቶሎ የሚደርሱትም እነሱ ናቸው።

ግን እንዴት ይወርዳሉ? ደም ይሮጣል። ሐረጎን ቁልቁል ከሚበር ሚኒባስ ማንም ዘሎ አይወርድም። መጀመሪያ ፍጥነት መቀነስ አለበት፣ ቀጥሎ ምልክት፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ በር። ሴሉም አራቱንም ያደርጋል፤ አንዱ ከጎደለ አይወርድም።

አሁን ጣውላውን አጋድሙና ፎጣውን አልብሱት። አንዱን የካልሲ ኳስ እንዲሁ ልቀቁት። ሌላውን ጭጎጎት ለጥፋችሁበት ልቀቁት። የመጀመሪያው ተንደርድሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያለ ይንከባለላል። (ፎጣው ደረቅ ይሁን። እኔ አንዴ እርጥብ ፎጣ አንጥፌ ኳሱ መሀል ላይ ቀርቶ ልጆቹ ሲስቁብኝ ዋሉ።) ያ ያዝ ለቀቅ የሰሌክቲን ሥራ ነው። እብጠት ባለበት ቦታ የደም ሥሩ ግድግዳ ሰሌክቲን ያወጣል። ሴሉ እየተንከባለለ ዝግ ይላል።

ዝግ ሲል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኬሞካይን ይነካል። ይህ «ወራጅ አለ» ነው። ወዲያው በሴሉ ገላ ላይ ኢንቴግሪን የተባሉት ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይለውጡና ግድግዳውን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ፍሬን ተያዘ። ከዚያ ሴሉ ራሱን አሳጥሮና አቅጥኖ በግድግዳው ሴሎች መሀል ይሾልካል። አይቶ የማያውቅ አያምንም፤ ራሱን እንደ ሊጥ ነው የሚጎትተው።

ኢንቴግሪን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ ብርቅ በሽታ አለ። አንዳንድ ሕፃናት የኢንቴግሪኑ አንድ ክፍል ተበላሽቶ ይወለዳሉ። ደማቸው ቢመረመር ነጭ ሴል ሞልቷል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ነው። ቁስላቸው ግን መግል አይይዝም፤ እትብታቸውም ቶሎ አይወድቅም። መንገዱ በመንገደኛ ተጨናንቋል፣ የሚወርድ ግን የለም።

አንድ ማስተካከያ፦ ይህ መንከባለል በአብዛኛው የሚሆነው ከትንንሽ የደም መልሶች ውስጥ ነው፤ ለአፍንጫና ለጉሮሮ ልክ ነው። ሳንባ ውስጥ የደም ቀጫጭን ሥሮች በጣም ጠባብ ስለሆኑ ኒውትሮፊል እዚያ አይንከባለልም፤ ተጨናንቆ ነው የሚያልፈው። ሥዕላችሁ ላይ ከሳንባው ጎን «እዚህ ጠባብ ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ከቀን 1 እስከ 2፣ ወደ ገበያ የሚሄደው መልእክተኛ

አሁን አረንጓዴው መንገድ ሥራ ይጀምራል። አፍንጫው አጠገብ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ሴል ሣሉ። ዴንድሪቲክ ሴል ይባላል። ስታይንማንና ኮን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው ለይተው የገለጹት። ስታይንማን በ2011 ኖቤል ሲሸለም ሸላሚዎቹ ሳያውቁ ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር፤ ሽልማቱ ግን አልተነሳበትም።

ይህ ሴል የቫይረሱን ቁራጭ ይወስዳል። ከዚያ ጠባዩ ይለወጣል። እስካሁን በሠፈሩ ውስጥ ሲያንዣብብ የነበረው ገላው ላይ ሲሲአር7 የሚባል ተቀባይ ያወጣል። ሲሲአር7 ደግሞ ወደ ሊምፍ ቱቦና ወደ ንፍፊት የሚጠራውን ኬሞካይን ያሸታል። ስለዚህ በአረንጓዴው መንገድ ወደ አንገት ይሄዳል። ከአፍንጫው ወደ ባቄላው ፍሬ ቀስት አድርጉ። ከሳንባ የተነሣው ደግሞ ደረት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ይሄዳል፤ እነዚያን በእጅ መንካት አይቻልም።

ሁሉም መልእክተኛ ግን ታማኝ አይደለም። የኩፍኝ ቫይረስ እነዚህኑ ሴሎች ይይዝና እንደ ተሳፋሪ አብሮ ወደ ንፍፊት ይገባል።

ደረጃ 6፦ ከቀን 2 እስከ 4፣ አንዲት ቀይ ጤፍ

ንፍፊት ሰኞ ገበያ ነው። አንዱ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ፈላጊ ሆኖ ይመጣል። ዴንድሪቲክ ሴሉ በአረንጓዴው በር ገባ። ከሊምፎሳይት ዓይነቶች አንዱ የሆኑት ቲ ሴሎች ግን የሚገቡት በቀዩ በር ነው፦ በንፍፊቱ ውስጥ ካሉት ግድግዳቸው ወፍራም ከሆኑ የደም መልሶች እየወረዱ። ያው መንከባለል፣ ያው ፍሬን። ቲ ሴል አንድ ንፍፊት ውስጥ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይዞራል። የሚፈልገውን ካላገኘ ወጥቶ፣ በሊምፍ ወደ ደም ተመልሶ፣ ወደ ሌላ ንፍፊት ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን ይህን ያደርጋል። ሊምፎሳይት ከደም ወደ ሊምፍ፣ ከሊምፍ ወደ ደም እንደሚመላለስ በአይጦች ላይ ያሳየው እንግሊዛዊው ጋዋንስ ነው።

ለምን ይህ ሁሉ መዞር? ጤፉን አምጡ። አንድ ሲኒ ጤፍ ከመቶ ሺህ ፍሬ በላይ ይይዛል። ቀይዋን ፍሬ ጨምሩና አማሱት። አሁን «ፈልጓት» በሉ። አንድን የቫይረስ ቁራጭ የሚያውቅ ቲ ሴል ከመቶ ሺህ አንድ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንድ ነው። ያቺ አንዲት ፍሬ የእግር ጣት ላይ ተቀምጣ ቫይረሱ አፍንጫ ላይ ቢገባ መቼም አይገናኙም። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ቦታ ይመጣሉ። የእህቴ ልጅ ሠፌድ ላይ አፍስሶ ሃያ ደቂቃ ፈለጋት። ሲያገኛት እንደ ጎል ነው የጮኸው።

ሥዕሉ ላይ በባቄላው ውስጥ ሁለት ሴሎች ተያይዘው ሣሉ።

ደረጃ 7፦ በሩ ሲዘጋ አንገት ያብጣል

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሽታ ሲኖር ንፍፊቱ መውጫውን ለጊዜው ይዘጋል። ቲ ሴሎች የሚወጡት ኤስ1ፒ የተባለ ንጥረ ነገርን ተከትለው ነው፤ በደምና በሊምፍ ውስጥ ብዙ ነው፣ በንፍፊት ሥጋ ውስጥ ግን ትንሽ። ኢንተርፌሮን ሲደርስ ሴሎቹ ኤስ1ፒን የሚያሸቱበትን ተቀባይ ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ። መውጫው ጠፋቸው ማለት ነው። መግባቱ ግን እንደቀጠለ ነው። እንዲያውም የሚመጣው ደም ይጨምራል።

በዚያ ላይ የተገናኘችው ፍሬ መባዛት ትጀምራለች። አንድ ሴል 15 ጊዜ ቢከፈል 32,768 ይሆናል። ልጆቹን በወረቀት እጥፍ እጥፍ እያደረጉ እንዲያሰሉ አድርጓቸው።

አሁን ከመንጋጋችሁ ሥር በሦስት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ዳብሱ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ካለ የእሱንም። ለስለስ ያለ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ከጣት ሥር የሚንሸራተት እብጠት ካለ ገበያው ደርቷል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ፦ እብጠቱ ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሳያም እየተለቀ ከሄደ፣ ከሦስት አራት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለው ሐኪም ይየው። በአገራችን ቲቢ አንገት ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» ብሎ ወራት መቆየት ልክ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ከቀን 5 እስከ 7፣ ወደ ሠፈር መመለስ

የበዙት ቲ ሴሎች መውጫቸውን መልሰው ያሸታሉ። ከባቄላው በአረንጓዴ ወደ አንገት ግርጌ፣ ወደ ደም፣ ወደ ልብ፣ ከዚያ ወደ መላ ሰውነት ቀስት አድርጉ። አሁን ገላቸው ላይ ያለው ተቀባይ ተለውጧል። ሲሲአር7ን ጥለው እብጠት ያለበትን ቦታ የሚያሸት ሌላ ይዘዋል። ስለዚህ በብዛት የሚወርዱት አፍንጫና ሳንባ ላይ ሲደርሱ ነው። ከወረዱ በኋላ ቫይረስ የያዛቸውን ሴሎች አንድ በአንድ እየነኩ ይገድላሉ።

ጉንፋን ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚሻለን ለምን እንደሆነ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጉዞው ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል።

ሌላውን የሊምፎሳይት ዓይነት፣ ቢ ሴሎችን፣ ባጭሩ ልለፋቸው። እነሱም እዚያው ገበያ ላይ ይነቃሉ። ልዩነታቸው ራሳቸው ብዙ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያመርቱት ፀረ እንግዳ አካል ይሄድላቸዋል። ከፊሎቹ መቅኔ ውስጥ ገብተው ለዓመታት እያመረቱ ይቀመጣሉ።

ደረጃ 9፦ የላቦራቶሪውን ወረቀት ማንበብ

አሁን ወደ እህቴ ቀስት እንመለስ። የሥዕላችሁን ቀይ መንገድ ተመልከቱ፤ ከደሙ ውጭ ያለውንም ተመልከቱ። ከሰውነታችን ሊምፎሳይቶች ውስጥ ደም ውስጥ የሚገኙት 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ንፍፊት፣ ጣፊያ፣ መቅኔ፣ አንጀትና ሌላም ቦታ ናቸው። ደም መቅዳት ማለት ሐረጎ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሚኒባስ መቁጠር ነው። መንገዱ ጭር ቢል ደሴ ባዶ ሆነች አይባልም። ሰው ገበያ ገብቶ ይሆናል።

በኢንፍሉዌንዛ ወቅት የሊምፎሳይት ቁጥር ለጥቂት ቀናት መውረዱ የታወቀ ነው። ከፊሉ ሴል ይሞታል፤ ብዙው ግን ንፍፊትና ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ፊንጎሊሞድ የተባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ተፈቀደ። ሥራው ያንኑ የኤስ1ፒ መውጫ መዝጋት ነው። የሚወስደው ሰው ደሙ ውስጥ ሊምፎሳይት በእጅጉ ይቀንሳል። ሴሎቹ ግን ንፍፊት ውስጥ በሕይወት አሉ።

ይህ ማለት ቀስቱን ናቁት ማለት አይደለም። ቁጥሩ ወርዶ ከቀረ፣ ወይም ሰውየው እየባሰበት ከሄደ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፤ ያን የሚወስነው ሐኪም ነው። አንዳንድ ቫይረሶች ደግሞ ጭራሽ ሊምፎሳይቱን ከፍ ያደርጉታል። አንድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ስንተኛው ቀን ላይ እንደተቀዳ ጠይቁ፤ ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ ባለው የቀን መስመር ላይ አስቀምጡት። የእህቴ ልጅ በአራተኛው ቀን ነበር የተቀዳው።

ደረጃ 10፦ የቀሩትን መሣል

ቫይረሱ ሲጠፋ ከበዙት ቲ ሴሎች ከአሥሩ ዘጠኙ ይሞታሉ። ከቀሩት ከፊሎቹ ያንኑ የድሮ ዙር ይቀጥላሉ፤ ደም፣ ንፍፊት፣ ሊምፍ፣ ደም። ሌሎቹ ግን ከእንግዲህ አይጓዙም። አፍንጫና ሳንባ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ያው ቫይረስ ቢመለስ ገበያ ሳይኬድ እዚያው ያገኙታል። ደም ስትቀዱ እነዚህን አታዩአቸውም።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ጥቁሩን እስክሪብቶ ወሰደና አፍንጫው ውስጥ ትንሽ በርጩማ ሣለ። በርጩማው ላይ ቀይዋን ጤፍ በፕላስተር ለጠፋት። ወረቀቱ አሁንም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ደሙ እንደገና ተመረመረ። እህቴ ገና ከላቦራቶሪው ደጃፍ ሆና ደወለችልኝ። ቀስቱ የለም።

«መንገደኞችህ ተመልሰዋል» አለችኝ።